ለድሮ አሻንጉሊት ጥገናና ለድንክዬ የቤት ዕቃ፦ አዲስ አበባ ላይ የቱን ሥራ ለማን እንስጥ? (ጥቆማ)

ጥያቄው ደጋግሞ ይመጣል። ከውጭ በዘመድ የመጣች ወይም ሰልባጅ ውስጥ የተገኘች የድሮ ባርቢ አለች፤ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ጆሮዋ አረንጓዴ ሆኗል፣ የምትቀመጥበት ወንበርም ይፈለጋል። የት ትወሰድ? ሁሉንም የሚሠራ አንድ ቤት ከመፈለግ ሥራውን በቁሱ ከፋፍሎ ለየባለሙያው መስጠት ይሻላል። ለሰው የማይሰጠውንም መለየት ያስፈልጋል። ፊትና የቆሸሸ ቪኒል በራስ እጅ ይሠራል፤ ቆረጣ፣ ስፌትና ብረት ነክ ሥራ ግን ለባለሙያ ቢሰጥ ይበልጥ ያምራል።

ከሁሉ በፊት ግን ከምን እንደተሠራች እወቁ። በጣት ሲጫኑት እጅ የሚሰጠው ለስላሳ ቪኒል ነው፤ በጥፍር ሲመቱት ቀጭን ድምፅ የሚያሰማው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ብዙ አሻንጉሊቶች ላይ ሁለቱም አሉ፦ ጭንቅላትና ክንድ ቪኒል፣ ደረት ጠንካራ ፕላስቲክ። የኮምጣጤ ሽታ ካላት ፕላስቲኩ ራሱ እየፈረሰ ስለሆነ ከሌሎቹ ለይታችሁ አየር ያለበት ቦታ አስቀምጧት፤ ታጥቦ የሚድን ነገር አይደለም። የካምፎር ሽታ ካለ ሴሉሎይድ ሊሆን ይችላልና እሳትና ሙቀት አታስጠጉት። ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጋግሮ የተቀባ አካል ያላቸው ጥንታዊዎቹ ደግሞ ውኃ ጠላታቸው ነው፤ ቀለሙ ይነሳል፣ ውስጡ ያብጣል።

ለገዢዎች አንድ ነገር ላስታውስ። ጀርባዋ ወይም ዳሌዋ ላይ «1966» የሚል ማኅተም ያላትን ባርቢ «የ1966 ናት» ብለው የሚሸጡ አሉ። ቁጥሩ የአካሉ ቅርጽ የባለቤትነት መብት የተመዘገበበት ዓመት ነው። ማቴል ያንኑ ማኅተም እስከ 1990ዎቹ ድረስ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ዘመኗን የሚነግሯችሁ የተሠራችበት አገር ስም፣ የፊቷ አቀባብና የፀጉሯ ዓይነት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እጥበት። ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ዓይኗ የሚከደን ወይም የምትናገር ከሆነች ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። የዓይኑ ማጠፊያ ብረት ነው፤ ይዝጋል። ያ ሁሉንም የሚያነሳው ነጭ ስፖንጅ እንደ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሠራው፤ የቅንድብና የከንፈር ቀለምን ይበላል። ለእግር ብቻ ተጠቀሙበት።

የቀለምና የእስክሪብቶ እድፍ። ፋርማሲ ገብታችሁ ለብጉር የሚሸጠውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል ጠይቁ። 5 በመቶም ይሠራል፤ 10 በመቶው ይፈጥናል። ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለበትን ትታችሁ እሱ ብቻውን ያለበትን ውሰዱ፣ ጄሉም ነጭ ይሁን። በእድፉ ላይ ብቻ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ሸፍኑ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። በየቀኑ እያጠባችሁ ተመልከቱ። የአንድ ቀንም የሁለት ሳምንትም ሥራ ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ያለውን ቦታ በቫዝሊን ከልሉት፤ ጄሉ የሚያነጣው እድፉን ብቻ አይደለምና። ለዚህም ነው ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ላይ የማልመክረው፤ ነጭ መልክ ይተውባቸዋል።

አረንጓዴው ጆሮ ከሌላ እድፍ ይለያል። የሚመጣው ከጉትቻው መዳብ ነው። ጉትቻው ሳይወጣ ብታነጡት ተመልሶ ይመጣል፤ ወጥቶም ቢሆን ቪኒሉ ውስጥ የገባው መዳብ ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል። የድሮ ጉትቻዎችን አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ዋጋ አላቸው።

አሴቶን ለብዙዎች ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ቪኒል ጭንቅላት ላይ አሮጌ የፊት ቀለም ለማንሳት በጥጥ ጫፍ ይሠራል፤ ጠንካራው ደረት ላይ ከነካ ግን ያቀልጠዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ መመለሻም የለውም።

ፀጉር። የውበት ሳሎን አትውሰዷት። ፒያስትራ ለሰው ፀጉር በሚሞቅበት ሙቀት የአሻንጉሊት ፀጉር ወዲያው ይቀልጣል። በላርጎ እጠቡ፣ የልብስ ማለስለሻ በተበጠበጠበት ውኃ ግማሽ ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ በብረት ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ውጡ። ከሥር መጀመር ፀጉሩን ከነመያዣው ያስነቅላል። ቅርጽ ለማስያዝ በቀጭን ቱቦ ጠቅልላችሁ ትኩስ ውኃ አፍስሱበት፤ ፈልቶ ትንሽ ያረፈ እንጂ የሚንተከተክ አይሁን። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ አጽኑት። የድሮዎቹ የሞሄር ዊጎች ከፍየል ጠጉር የተሠሩ ናቸውና ትኩስ ውኃ አይነካቸውም።

ፀጉሩን እንደ አዲስ መትከል ከተፈለገ መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ለሹሩባ የሚሸጠው ካኔካሎን ይሆናል፤ ቀለሙም ምርጫ አለው። ጉድለቱ ክሩ ከአሻንጉሊት ፀጉር መወፈሩ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ብዙ ከከተታችሁ ጭንቅላቷ ላይ ጉብታ ይሠራል። በቀዳዳ ከ8 እስከ 12 ክር ይበቃል። ስትገዙ ጥቂት ክር እስኪርቢቶ ላይ ጠቅልላችሁ ትኩስ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አቀዝቅዙ፤ ጥቅልሉን ካልያዘ ተዉት። ጭንቅላቷን ከአንገቷ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ትኩስ ውኃ ውስጥ አቆዩ፤ ሳይለሰልስ የተጎተተ አንገት ይሰነጠቃል። ከውስጥ በኩል በጨርቅ ሙጫ አጣብቁ። ሱፐር ግሉ ደርቆ ድንጋይ ይሆንና ፀጉሩን ከሥሩ ይሰብረዋል።

የፊት ቀለም። የሠዓሊ አክሪሊክ በውኃ ቀጥኖ፣ ሁለት ሦስት ስስ ንብር። ቀጭን ብሩሽ የጥፍር ውበት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ጥሩ ጥሩ አለ፤ ብሩሹን ግዙ፣ የጥፍር ቀለሙን ግን ተዉት፤ ቪኒሉን ይበላዋል። የመኪና ቀለም ቤቶች «ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ቫርኒሽ) እንርጭላችሁ» ይላሉ። ከብዙ ስፕሬይ ጋር ቪኒሉ ስለማይስማማ ላዩ ለዘላለም እየተጣበቀ ይቀራል፣ አቧራም ይለቅማል። ለፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ተብሎ የተሠራውና አሻንጉሊት የሚቀቡም የሚጠቀሙበት ሚስተር ሱፐር ክሊር የተባለው ስፕሬይ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በክፍት ቦታና በመተንፈሻ ጭንብል ብቻ።

ላስቲክ። እጅና እግራቸው በውስጥ ላስቲክ ለተያያዘ ትልልቅ አሻንጉሊቶች የልብስ ስፌት ዕቃ ከሚሸጡት ክቡን ላስቲክ ግዙ። ቁመቷ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ለሆነች 3 ሚሊ አካባቢ ይስማማል። ጠፍጣፋው የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይተለተላል። አጥብቆ መወጠር የፖርሴሊን አንገት ይሸርፋል፤ እጇን ወደ ላይ አንስታችሁ ስትለቋት በዝግታ ብትወርድ ልኩ ነው።

—

ከላይ የጻፈው ስለ አሻንጉሊቷ ተናግሯል፤ እኔ ስለ ድንክዬ የቤት ዕቃው ልጨምር።

ልኬት ይቅደም። ባርቢ 29 ሳንቲ ገደማ ናት፤ ዕቃዋ ከእውነተኛው አንድ ስድስተኛ ነው። የተለመደው የአሻንጉሊት ቤት ግን አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። መቀመጫው 45 ሳንቲ ከፍታ ያለው ወንበር ለባርቢ 7.5 ሳንቲ፣ ለአሻንጉሊት ቤት 3.75 ሳንቲ ይሆናል። ረከቦትም ሆነ መሶብ ስታሠሩ ቤታችሁ ያለውን ለኩና አካፍሉ። ለቱሪስት የሚሸጡት ትናንሽ ጀበናዎች ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ የሆኑት ከባርቢ ጋር ይሄዳሉ፤ የሚበዙት ግን ከዚያ ስለሚበልጡ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ጎንደር አጠገብ ከወለቃ የሚገዙት የሸክላ ምስሎችም እንዲሁ ናቸው። ሲሰበሩ በነጭ ኮላ አጣብቋቸው፤ ስህተት ቢኖር በውኃ ይለቃል።

አናጺ ወይስ ሌዘር? ጠፍጣፋ ክፍሎች ላሉት ዕቃ፣ ማለት ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥንና ለመደርደሪያ፣ ዋንጫና ማስታወቂያ የሚሠሩት ሌዘር ቤቶች አናጺውን በሩቅ ይበልጡታል። ሥዕሉን በዲኤክስኤፍ (የመቁረጫ ማሽን በሚያነበው የኮምፒውተር ሥዕል) ፋይል ውሰዱ፤ በወረቀት ከሄዳችሁ ለሥዕሉም ትከፍላላችሁ። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ መገጣጠሚያው። «3 ሚሊ» የተባለ ኮምፔንሳቶ ሲለካ 2.7 ሊሆን ይችላል፤ የሌዘሩ ጨረርም ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ይበላል። ስለዚህ ከዋናው ሥራ በፊት ከዚያው ጣውላ ላይ 2.5፣ 2.6፣ 2.7፣ 2.8 ሚሊ የሆኑ ክፍተቶች አስቆርጡና በእጅ ሞክሩ። ጭስ እንዳያጠቁረው ላዩ ላይ የወረቀት ፕላስተር አስለጥፉ። የተቃጠለውን ጠርዝ በ240 ብርጭቆ ወረቀት አንሱት፤ ካልተነሳ ኮላ በደንብ አይዝም፣ ጥቀርሻውም የአሻንጉሊቷን ቀሚስ ያቆሽሻል። ማስታወቂያ ቤቶቹ ፎሬክስ የሚሉትን የፒቪሲ ሰሌዳ ግን በሌዘር አታስቆርጡ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም ማሽኑንም ይጎዳል። እሱ በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ የመቁረጫ ማሽን) ነው የሚቆረጠው።

የተጠረበ እግርና ክብ ነገር የአናጺ ሥራ ነው። ማሽኑ ትልልቅ የሆነ አናጺ 3 ሚሊ እግር ሊያወጣላችሁ አይችልም፤ ይሰበርበታል። ጭራ፣ ቅርጻ ቅርጽና የመቁጠሪያ ዶቃ የሚሠሩትን ፈልጉ። እንጨቱን ራሳችሁ አቅርቡ። ዋንዛ ቆንጆ ነው፣ ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ በትንሽ ዕቃ ላይ ልኬቱን ያጋልጣል። ዝግባና ጽድ ልስልስና ወጥ ናቸው፤ ለሚጠረበው እግር ግን ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል። አዲስ እንጨት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ምናለሽ ተራ የተሰባበረ የድሮ ወንበር እግር አንዱ ለብዙ ዕቃ ይበቃል፣ በደንብ የደረቀ ስለሆነም አይጣመምም።

ማጠፊያ። ወርቅ ሠሪ ትንሽ ማጠፊያ ሊሠራ ይችላል፤ ለቁም ሣጥን ግን ወጪው አያዋጣም። የልብስ ስፒል በበሩ ላይኛና ታችኛ ጥግ ሰክታችሁ አናቱን ቁረጡት፤ በሩ በእሱ ላይ ይዞራል፣ ከውጭም አይታይም። የተቆረጠው አናት የመሳቢያ እጀታ ይሆናል። ወርቅ ሠሪውን ለመብራት መቅረዝና ለአልጋ ራስጌ ብረት አቆዩት።

ቫርኒሽ በጣም አቅጥኑ፣ ሦስት ስስ ንብር፣ በመሃል በ400 ብርጭቆ ወረቀት። አንድ ወፍራም ንብር ቅርጹን ሁሉ ይሞላና ዕቃው ከረሜላ የተቀባ ይመስላል። ለሶፋ 2 ሚሊ ስፖንጅና ስስ ጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል። ማስቲሽ በጨርቁ ዘልቆ ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ ኮላ በስሱ ይሻላል። ለአልጋ ልብስና ለቀሚስ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጥለቱ ከ1 ሳንቲ የማይበልጥ ስስ ነጠላ ምረጡ፤ ሰፊ ጥለት በባርቢ ላይ ምንጣፍ ይመስላል።

—

ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ፦ መለዋወጫ ከማዘዝ በፊት ሟች የተወውን ዕቃ ቤተሰቡ የሚሸጥባቸውን የቤት ሽያጮች ተመልከቱ። በ1970ዎቹ በካርቶን ተዘጋጅተው የተሸጡት ሀውስ ኦፍ ሚኒቸርስ የሚገጣጠሙ ዕቃዎች ሳይከፈቱ ይገኛሉ፤ አንድ አሥራ ሁለተኛ ናቸውና ለባርቢ አይሆኑም። ከ1949 ጀምሮ ያለው ዩኤፍዲሲ የተባለው የአሻንጉሊት ማኅበራት ኅብረት በየክልሉ ክበቦች አሉት፤ ፖርሴሊን የሚጠግን ሰው ለማግኘት ከማስታወቂያ ይልቅ ክበብ ይታመናል። አውሮፓ ላላችሁ ሊዝበን ውስጥ ከ1830 ጀምሮ የሚሠራ የአሻንጉሊት ሆስፒታል አለ። የትም ብትልኩ የፊቱን ፎቶ በአራት አቅጣጫ አንሱ፤ «ፊቱ አይነካ» ወይም «ፊቱ እንደ አዲስ ይቀባ» የሚለውን በጽሑፍ አስፍሩ። የተቀባ ፊት ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ለልጅ መጫወቻ ግን ምንም አይደለም።

—

ከሁለቱ ሥራዎች መገናኛ ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። ቪኒል የሚያለሰልሰው ዘይት ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ዘይት ከፖሊስታይሪን የተሠራን የፕላስቲክ ወንበር ያቀልጣል፤ ቫርኒሹንም ያላላል። አሻንጉሊቷን ወንበሩ ላይ ለወራት የምታስቀምጡ ከሆነ ከሥሯ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጣሉ። ቀይና ጥቁር ጨርቅ ቀለሙን ቪኒል ውስጥ ይጥላል፤ ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡትና ነጭ ጨርቅ አሽታችሁ ፈትሹት። አዲስ ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ ሽታው እስኪጠፋ አሻንጉሊት አይቀመጥበትም። ላይዋ መጣበቅ የጀመረ ካለች በላርጎ እጠቧት፣ በበቆሎ ስታርች በስሱ አብሷት። ይህ ለጊዜው ነው፤ ከፀሐይና ከሙቀት አርቃችሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጧት።