ሮታሪ ክለብ ግባ ተባልኩ፤ የሐሙሱ ምሳ ምን ይሠራል?

የሒሳብ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ዕድሜዬ 31። ከደንበኞቻችን አንዱ፣ ፋርማሲ ያላቸው ትልቅ ሰው፣ ባለፈው ሐሙስ «ና ምሳ እንብላ» ብለው ሆቴል ወሰዱኝ። ሁለታችን ብቻ መስሎኝ ነበር። ስገባ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የናስ ደወል፣ ከኋላ ባለ ጥርስ መንኮራኩር የተሳለበት ሰንደቅ። ሰዓቱ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ደወሉን ደወሉ፣ ሁሉም ዝም አለ። ሮታሪ ክለብ፣ ያ የበጎ አድራጎት ክለብ፣ ነው ለካ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ስልኩ የጮኸበት ሐኪም ተቀጣ። ሌላው ደግሞ ልጁ ስለተመረቀችለት ተቀጣ! ደስ ያለው ሰው ይከፍላል አሉኝ። አንድ እንግዳ ስለ ኩላሊት 20 ደቂቃ አስረዳ፣ የቅዳሜው ሥራ ተነገረ፣ ደወሉ ተደወለ፣ አበቃ። አንድ ሰዓት ሞላ አልሞላም። በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ያለቀ ስብሰባ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወጣ «አባል ሁን፣ ሒሳብ የሚችል ወጣት ያስፈልገናል» አሉኝ። ልቤ ሄዷል፣ ግን ምሳው ብቻ የእኔን የሦስት ቀን ምሳ ያስከነዳል፣ መዋጮም አለ። ደግሞስ ድሃ ለመርዳት በየሳምንቱ ሆቴል መቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? ብሩን በቀጥታ ብንሰጥ አይሻልም ወይ? እናቴ ደግሞ ደወል የሚባል ነገር ስትሰማ «ፍሪሜሶን እንዳይሆን» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ጠርጣራው

ወንድሜ አትድከም። አሥር ደብተር ሰጥተው ሃያ ፎቶ ይነሣሉ፣ ያው ነው። እኔ ሰፈር እድር አለ፣ ድንኳኑም ብረት ድስቱም የራሱ ነው፣ ሰው ሲሞት ሳይጠራ ይደርሳል። ባጅ አያስፈልገውም።

ጡረተኛዋ ነርስ

ልጄ፣ እኔ 34 ዓመት ነርስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ በክለብ አባልነት ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ያንቀላፋሁባቸውን ሐሙሶች ቁጥር የማውቀው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እናትህን አሳርፋቸው። ምስጢር ያለበት ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላንቀላፋሁ። ካህንም፣ ሼኽም፣ ፓስተርም አብረውን ምሳ በልተዋል። ነገሩ የተጀመረው በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ነው፤ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ጀመረው። ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ይዞር ስለነበር «ሮታሪ» ተባለ። የጽዋ ማኅበር በየቤቱ እንደሚዞረው ማለት ነው፣ ዳቦና ጠላው ሲቀር። ወደ እኛ አገር የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለሴቶች ግን በሩ በዓለም ደረጃ የተከፈተው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ይኼን የምነግርህ ያየሃቸው ሴትዮ ደወሉን በነፃ እንዳላገኙት እንድታውቅ ነው።

ጠርጣራው የተናገረው እውነት አለበት፣ አልክድም። ደብተር ሰጥቶ ፎቶ የሚነሣ ክለብ አይቻለሁ፣ የእኛም ክለብ አድርጎታል። ግን እድርን ከክለብ ለይቶ ማየቱ አልገባኝም። እድር ቀብር ያልመጣን አይቀጣም? በስም አይጠራም? ድንኳኑን ያቆመውና እስከ ሠልስት ያቆየው እኮ ያ ስም ጥሪ ነው። የሐሙሱ ምሳም ለእኔ ስም ጥሪ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። በ2005 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል ውስጥ የልጅነት ልምሻ፣ ፖሊዮ ማለቴ ነው፣ እንደገና ተገኘና ዘመቻ በዘመቻ ላይ ሆነ። ሮታሪ ፖሊዮን ሥራዬ ብሎ የያዘው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሆነ ክለቦቹ ዘመቻ ሲኖር ይወጣሉ። ያኔ እኛ ከአንድ ጤና ጣቢያ ቡድን ጋር ኮልፌ ተመደብን። የአባሎቹ ሥራ ቀላል ነው፤ መኪና ማቅረብ፣ የክትባት ሳጥኑን መሸከም፣ በር ማንኳኳት፣ ልጁ ሲከተብ የግራ እጁን የትንሿን ጣት ጥፍር በቀለም ምልክት ማድረግ፣ የቤቱን በር በጠመኔ መጻፍ። ጠብታውን የሚሰጡት ባለሙያዎቹ ናቸው። ሁለት ጠብታ፣ አለቀ።

የክትባቱ ጠርሙስ ላይ ሳንቲም የማታክል ክብ ምልክት አለች፣ መሐሏ ነጭ ካሬ። ሙቀት ሲነካው ካሬው እየጠቆረ ይሄዳል። ካሬው የክቡን መልክ ከያዘ መድኃኒቱ አይሰጥም፣ ይጣላል። ረፋድ ላይ የሚቀየረውን በረዶ የሚያመጣልን አንድ አባላችን ነበር፣ ጥሩ ሰው፣ ሥራ ተቋራጭ። በረዶው ከየት እንደሚወሰድና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የተነገረው ሐሙስ ምሳ ላይ ነው። እሱ ግን ያን ሐሙስ ቀርቷል። አንዱ «እኔ እነግረዋለሁ» አለ፣ ረሳው። አምስት ሰዓት ሲሆን ሳጥኑን ከፈትኩት፣ በረዶው ውኃ ሆኗል። ጠርሙሱን አወጣሁ፣ ካሬው የክቡን መልክ ገና አልያዘም፣ ግን እንደ ጠዋቱ ነጭ አልነበረም። አስተባባሪዋ አንዴ አየችውና «ተመለሱ» አለች። ሁለት መንደር ሳይከተብ ለማግስቱ አደረ። ከእነዚያ ቤቶች አንዷ ደጃፍ ላይ የቆመች እናት ልጇን አዝላ «ነገ ገበያ ነኝ» ስትለኝ አሁንም ድምጿ ይሰማኛል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ሰው መጣ። ማንም አልተቆጣውም። ተነሥቶ ራሱን ቀጣ፣ ከፈለ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ዘመቻ አልቀረም። ብሩን በቀጥታ ብትሰጥ ማንን ዓይን ለዓይን ታያለህ?

በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ፣ በተፈጥሮ የሚዛመተው ማለቴ ነው፣ ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አፍሪካ በሙሉ ከዱር ፖሊዮ ነፃ ተባለች። ያ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልፋት ነው። እኛ በረዶ ነው ያቀረብነው፣ እሱንም አንድ ቀን አዘግይተን።

ስለ ብሩ፦ አፍረህ አትሽሽ፣ በግልጽ ጠይቃቸው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕጉ ላልቷል፣ በወር ሁለት ጊዜ የሚገናኝ ክለብ አለ፣ በምሳ ፈንታ ሻይ ብቻ የሚጠጣም አለ። ግን ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር እይ። ሮታሪዎች አራት ጥያቄ አሏቸው፤ እውነት ነው ወይ፣ ለሁሉም ፍትሐዊ ነው ወይ፣ ወዳጅነት ይጨምራል ወይ፣ ሁሉንም ይጠቅማል ወይ። ጥሩ ናቸው። እኔ አምስተኛ ጨምሬያለሁ፦ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ለአንድ ትምህርት ቤት 5,000 ሊትር ሮቶ ተከልን፣ ስምንት የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ገጠምን፣ ሪባን ተቆረጠ። በአራተኛው ወር ስሄድ ከስምንቱ ሰባቱ ይንጠባጠባሉ፣ ታንከሩ ባዶ ነው። የጎደለው የቧንቧ ጎሚኒ ነው! ከአንድ ማኪያቶ የማይበልጥ ዋጋ። ርእሰ መምህሩ ለጥገና የተያዘ በጀት የላቸውም፣ እኛም «ፕሮጀክቱ ተጠናቋል» ብለን ፋይሉን ዘግተናል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የጣና ዳር ልጅ

እማማ፣ የጎሚኒው ነገር አሳቀኝም አሳዘነኝም።

እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ በላየንስ፣ እንደ ሮታሪ ባለ ሌላ የበጎ አድራጎት ክለብ፣ በኩል ነው የማውቀው። እነሱም ቺካጎ ናቸው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ፤ የያዙት ግን ዓይንን ነው። አማራ ክልል ውስጥ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው በትራኮማ፣ ዓይን በሚያሳውረው በሽታ፣ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ተማሪ እያለሁ የመድኃኒት ዕደላ ላይ በበጎ ፈቃድ ወጥቼ የተሰጠኝ ሥራ ዱላ መያዝ ነበር። አትሳቁ። መድኃኒቱ የሚለካው በቁመት ነው፣ ሚዛን ተሸክሞ ገጠር መውጣት አያስፈልግም። ሰውየው ዱላው አጠገብ ይቆማል፣ ምልክቱ ስንት ፍሬ እንደሚወስድ ይናገራል። አንዲት እናት ቁመታቸውን ሲለኩ ከመቀነታቸው ወረንጦ ወደቀ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ስለሚወጋቸው ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ትነቅልላቸዋለች። ያን ወረንጦ አንሥቼ ስሰጣቸው ነው ነገሩ የገባኝ።

ለጠያቂው፦ ብሩ ከከበደህ ሮታራክት፣ የሮታሪ የወጣቶች ክለብ፣ ግባ። የ30 ዓመት ጣሪያው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነሥቷል፣ መዋጮውም ቀለል ይላል። ስብሰባው ግን በሰዓቱ አይጀምርም፣ ሀቁን ልንገርህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

ይቅርታ ከርእሱ ወጣ ልበል። እዚህ ሜሪላንድ እኛም ክለብ አለን፣ ግማሾቻችን አበሾች ነን። አንድ ሆስፒታል አልጋ ሊቀይር ነው፣ አሮጌዎቹን ውሰዱ ብሎናል። በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው፣ በኮንቴነር ልንልክ ነው። ነርሷ ምን ይላሉ?

ጡረተኛዋ ነርስ

ልጄ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ከመጫናችሁ በፊት መሰኪያውን እዩ። የእናንተ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እኔ በሠራሁበት አንድ ክፍል እንዲህ ያለ አልጋ መጥቶልን በመጀመሪያው ቀን ሰካነው፣ ጭስ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንደተጎነበሰ ቀረ፤ በሽተኛ የሚተኛበት በግማሽ ተቀምጦ ነበር። በእጅ የሚዞር ካለ እሱን ላኩ። ደግሞ የሚቀበለውን ሆስፒታል መጀመሪያ ጠይቁ፣ ጉምሩክ ማን ይከታተላል፣ ማን ይከፍላል በሉ። የክለብ ለክለብ ደብዳቤ ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ጠርጣራው

እማማ፣ ስለ በረዶው ያሉት ነገር ትንሽ ነካኝ። እድራችን ውስጥ እኔ ራሴ ሦስት ቀብር ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። ሆቴሉን ግን አሁንም አልወደድኩትም።

ጡረተኛዋ ነርስ

እኔም አልወደውም። ሩዙ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

የሒሳብ ሰው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሐሙስ እንደገና ሄድኩ። ታክሲ ጠፍቶ ስምንት ደቂቃ ዘገየሁ፣ እንግዳ ነው ብለው ይምሩኛል ብዬ ነበር፣ ሃምሳ ብር ተቀጣሁ። እናቴ የቅጣቱን ነገር ስትሰማ «እንግዲያውስ እድር ነው» ብላ ተኛች።

ዕድል ሲሰጠኝ የእማማን አምስተኛ ጥያቄ ጠየቅኩ። አምና ለአንድ ትምህርት ቤት የውኃ ታንከር ሰጥተው ኖሯል፣ «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?» ብዬ ተነሣሁ። ዝም ተባለ። ፋርማሲው ያላቸው ሰውዬ ሣቁና «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንተ እይልን» አሉ። ተጨበጨበ። ገና አባል እንኳን ሳልሆን ተሾምኩ ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ አናጢ አባል ጋር እሄዳለሁ።

እማማ፣ ጎሚኒው ስንት ኢንች ነው የሚባለው? መርካቶ ስገባ ሞኝ እንዳልመስል።

ጡረተኛዋ ነርስ

ግማሽ ኢንች በል፣ ግን አሮጌውን አንዱን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፣ አሳይተህ ግዛ። ሁለት ደርዘን ውሰድ፣ የቧንቧ ጥቅልል ቴፕም ጨምር። ከተረፈው ግማሹን ለጥበቃው ስጠው፣ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ደረሰኝ እንዳትረሳ።