የፎይል ደረጃዎቻችን፦ ለክረምቱ ሥልጠና የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ሐምሌ ሳይገባ ሐሳባችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። በመጀመሪያው ረቂቅ «የፎይል ሥልጠና» ብለን ብቻ ጽፈን ነበር። ያነበቡት ሰው «ምግብ የሚጠቀለልበት ነው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። አሁን እንዲህ ብያለሁ፦ «ፎይል ፌንሲንግ በሚባለው የሰይፍ ግጥሚያ ስፖርት ከሚያገለግሉት ሦስት መሣሪያዎች አንዱ ነው። ክብደቱ ከ500 ግራም በታች ነው። ነጥብ የሚያዘው በጫፉ በመንካት ብቻ ነው። ስለት የለውም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም እንዳያወጣብኝ።

የቀረን ዋናው ነገር ደረጃዎቹ ናቸው። በወር እንለያቸው? በዕድሜ? ወይስ ልጁ በሚችለው?

የቴኳንዶው ማስተር፦
በቀበቶ ነዋ! ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው። በየሦስት ወሩ ፈተና፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ወላጅም ይገባዋል።

አሰልጣኙ፦
ማስተር፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን ፌንሲንግ ቀበቶ የለውም። ሌላው ደግሞ «በየሦስት ወሩ» የምትለዋ ታስፈራኛለች። ሦስት ወር ሞላ ተብሎ ያልበሰለ ልጅ ያልፋል። በሁለተኛው ሳምንት የደረሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እኔ የምለው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በዓይን የሚታይ ነገር ይኑረው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሉንጅ የምንለው የፊት እግርን ወርውሮ የማጥቃት እርምጃ አለ። ትክክለኛው ሉንጅ እጅ ይቀድማል፣ እግር ይከተላል። ጀማሪ ሁሉ ይገለብጠዋል። እኔ ጓንት በትከሻዬ ልክ ይዤ እቆማለሁ። ልጁ በሉንጅ ርቀት ላይ ይጠብቃል። ምንም ሳልናገር ጓንቱን እለቀዋለሁ። መሬት ሳይነካ መቅለብ አለበት። እግሩ ከቀደመ ጓንቱ ወለሉ ላይ ነው፣ እሱም አፍጥጦ ያየዋል። እጁ ከቀደመ ይቀልበዋል። ከአሥር ሙከራ ሰባቱን ከቀለበ አለፈ። ይህን ለመፍረድ እኔ አላስፈልግም። ማንም ቆጥሮ ይጽፋል።

ወላጅ፣ ከአዘዞ፦
ኮች፣ እኔ ግን ልጄን አውቀዋለሁ። ሰይፍ ይይዛል ብዬ ከአዘዞ በሚኒባስ አምጥቼው ጓንት ቅለብ ከተባለ በሁለተኛው ቅዳሜ አይመጣም። ደግሞስ ዓይኑ? እሱን ሳልሰማ አልፈርምም።

አሰልጣኙ፦
እትዬ፣ ሁለቱም ልክ ነው። በየትምህርቱ መጨረሻ አሥር ደቂቃ ፎይል ይይዛሉ። ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፣ መሃሉ ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ እንቀባለን። እሱን ይወጋሉ። ሰው አይወጉም። ለትንንሾቹ ደግሞ አጠር ያለ ላማ፣ ማለትም የሰይፉ ብረት፣ አለ። ሙሉው 5 ቁጥር ይባላል፣ 90 ሳንቲሜትር ነው፤ ከሱ በታች እስከ 0 ቁጥር ይወርዳል።

ዓይንን በተመለከተ፣ ያለ ማስክ ሁለት ሰው ፊት ለፊት አይቆምም። ለመለማመድም፣ ለፎቶም ቢሆን። የማስኩ ሽቦ በ12 ኪሎ መሞከሪያ ይፈተናል። የተሰረጎደ ወይም የዛገ ከሆነ ይጣላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተሰበረ ላማ ነው። ድፍን ጫፍ አይጎዳም፣ ስብርባሪ ግን ይበሳል። ለዚህ ነው ጃኬት፣ ከውስጡ ደግሞ ብብት የሚሸፍን መከላከያ የሚለበሰው። የሴቶች የደረት መከላከያም በዝርዝሩ ይግባ፤ ረስተነዋል።

ሒሳብ ያዡ፦
ልጄ፣ እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም እኩል ቢነካኩ ነጥቡ የማነው?

አሰልጣኙ፦
ጋሼ፣ የፎይል ቁም ነገሩ እሱ ነው። ቅድሚያ የሚባል ሕግ አለ። እጁን ዘርግቶ ማጥቃት የጀመረው ባለተራ ነው። ሌላው መጀመሪያ ላማውን መመከት አለበት። ከመከተ ተራው ወደሱ ይዞራል፣ አጸፋውን ይሰጣል። ሳይመክት ዘሎ ቢነካና ሁለቱም ቢመታቱ ነጥቡ የአጥቂው ነው። የሚቆጠረውም ደረት፣ ሆድ፣ ጎን፣ ጀርባ ነው። ክንድና እግር አይቆጠርም።

ሒሳብ ያዡ፦
ይሄማ በላ ልበልሃ ነው! ባላጋራህ ሲናገር አታቋርጥም፤ የሱን ነገር መክተህ ነው የራስህን የምታነሳው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ወዲያው ይገባዋል።

አስተባባሪዋ፦
ጋሼ፣ ቃል በቃል አስገብቼዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
መብራት ቢጠፋስ? የነጥብ መቁጠሪያ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው ብላችኋል።

አሰልጣኙ፦
ማሽኑን ለዚህ ክረምት አንጠይቅ። እ.ኤ.አ. እስከ 1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ድረስ ፎይል በኦሎምፒክም በዓይን ነበር የሚዳኘው። አንድ ዳኛ መሃል፣ አራት ረዳቶች በየማዕዘኑ። ለኛም ይሻላል። ረዳት ሆኖ የቆመ ልጅ ከተጋጠመው እኩል ይማራል። እንዲያውም ለሦስተኛው ደረጃ ይሄን ግዴታ እናድርገው።

የቴኳንዶው ማስተር፦
እሺ፣ ቀበቶውን ተውኩት። ግን ልጅ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። ባዶ እጁን ቤት አትስደዱት።

ወላጅ፣ ከአዘዞ፦
ጥልፍ ይሁን። ክንዱ ላይ የሚሰፋ ትንሽ ጥልፍ፣ በየደረጃው አንድ መስመር። የሚጠልፍልን ሰው እዚሁ ፒያሳ አይጠፋም።

የቴኳንዶው ማስተር፦
ይመቻችሁ። ፈታኝ ግን ኮች ራሱ እንዳይሆን። ያስተማረ ሰው ልቡ ይራራል፣ ከራሴ አውቀዋለሁ። ጓንቱን እሱ ይልቀቅ፣ ቆጥሬ የምጽፈው እኔ ልሁን።

አሰልጣኙ፦
ከልቤ እስማማለሁ።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲህ ያጠናቀርኩት ይኸው፤ የምታርሙት ካለ እስከ ሐሙስ።

አንደኛ ደረጃ፦ ሰላምታ፣ አቋም፣ ወደፊትና ወደኋላ መራመድ፣ ሉንጅ፣ የደኅንነት ደንብ። ፈተናው ጓንቱ ነው። ፎይል ከሚያዝባት ከመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ በቀር ይህን ሰይፍ ሳይኖረን ልንጀምረው ስለምንችል ሐሳባችን የመሣሪያውን መምጣት አይጠብቅም። ሰላምታ መጀመሪያ የመጣው ለወግ አይደለም፤ በውድድር ሰላምታ የነፈገ ተጫዋች በጥቁር ካርድ ይባረራል።
ሁለተኛ ደረጃ፦ አያያዝ፣ ቀጥታ መውጋት፣ በኳርትና በሲክስት መመከት፣ ወዲያው አጸፋ መስጠት። ኳርት የውስጥ ጎንን፣ ሲክስት የውጭ ጎንን ይሸፍናል።
ሦስተኛ ደረጃ፦ በተቃራኒው ላማ ሥር አዙሮ ማለፍ፣ አታልሎ ማጥቃት። ተፈታኙ በሦስት ግጥሚያ ረዳት ዳኛ ሆኖ ይቆማል።
አራተኛ ደረጃ፦ እስከ 5 ነጥብ፣ በ3 ደቂቃ የሚያልቅ ግጥሚያ። ከግጥሚያው በኋላ ተፈታኙ እያንዳንዱ ነጥብ ለምን እንደተሰጠ በቃሉ ያስረዳል። መሸነፍ አይጥለውም፣ ማስረዳት አለመቻል ግን ይጥለዋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
አራተኛዋን ወደድኳት። አዳራሹስ?

አስተባባሪዋ፦
አዳራሽ አታስታውሰኝ። ባለፈው ጥር ቃል የተገባልን አዳራሽ ለሠርግ ተሰጥቶ፣ ወንበር ተደርድሮ አገኘነው። አሁን በጽሑፍ ነው የምንጠይቀው፦ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ። ክረምት ስለሆነ ሜዳ ላይ እንለማመድ ማለት ዋጋ የለውም፤ እርጥብ ወለል ላይ ሉንጅ ጉልበት ያወልቃል።

አሰልጣኙ፦
መወዳደሪያው 14 ሜትር ነው፣ ወርዱ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2። ከጫፉም ማፈግፈጊያ ቦታ ይፈልጋል። ያሳዩን አዳራሽ በእርምጃ 17 ይሆናል፣ ግን የኔ እርምጃ አይታመንም።

ሒሳብ ያዡ፦
እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እለካዋለሁ። ሜትሬ ግን 5 ብቻ ነው፤ ረጅም ያለው ሰው ይምጣ።

ወላጅ፣ ከአዘዞ፦
ባለቤቴ ግንበኛ ነው፣ 30 ሜትር አለው። ይዤ እመጣለሁ ጋሼ። 3 ሰዓት ፒያሳ ይጠብቁኝ።