የራሳችን ኢንተርፌሮን በመርፌ ሲሰጥ ለምን ያንዘፈዝፋል?

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ከዓመታት በፊት ለሄፓታይተስ ሲ በየሳምንቱ የኢንተርፌሮን መርፌ ይወጉ ነበር። በተወጉበት ሌሊት ያተኩሳቸውና ያንቀጠቅጣቸው ስለነበር፣ እኛ የደሴ ብርድ ነው እያልን ጋቢ እንደርብላቸው ነበር። አሁን ግን ኢንተርፌሮን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን መሆኑን ተማርኩ። ታዲያ ለምን ያሳምማል? የመከላከያ ሕዋሳትንስ ምን ያደርጋቸዋል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አጎትዎን ያንቀጠቀጣቸው የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ራሱ ነው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ኢንተርፌሮን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ጎረቤት ሕዋሳትም መልእክቱን ሲቀበሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነቃሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቫይረሱ ቢመጣ የፕሮቲን ምርትን የሚያስቆሙና አር ኤን ኤውን (የቫይረሱን የዘር መመሪያ) የሚቆራርጡ ይገኙበታል። ከዚህም ሌላ ኢንተርፌሮን ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉትን፣ በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን የሚገድሉ የመከላከያ ሕዋሳት ያበረታል፤ የተያዙ ሕዋሳትም የቫይረሱን ቁርጥራጭ በገጻቸው ላይ አጉልተው እንዲያሳዩ ስለሚያደርግ ቲ ሴሎች (የተያዙ ሕዋሳትን ለይተው የሚያጠቁ ነጭ የደም ሕዋሳት) በቀላሉ ይለዩአቸዋል። ትኩሳቱ ይኸው ጥሪ እስከ አንጎል ሲደርስ የሚመጣ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘን የሚሰማን ቁርጥማትም በከፊል ከዚሁ የመነጨ ነው። በነገራችን ላይ ተመራማሪዎቹ አይዛክስና ሊንደንማን በ1957 እ.ኤ.አ. ኢንተርፌሮንን ያገኙት የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ በጫጩት ሽል ሽፋን ላይ ሲመረምሩ ነበር።

የላብራቶሪ ሰው፦
ከላይ የተባለው በዋናነት አልፋና ቤታ የሚባሉትን የኢንተርፌሮን ዓይነቶች ይመለከታል። ጋማ የሚባለውን የሚያመነጩት ቲ ሴሎችና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እርሱም ማክሮፋጅ የተባለው ጀርም ዋጭ የመከላከያ ሕዋስ የዋጠውን ባክቴሪያ እንዲገድል ያስችለዋል። ለቲቢ ወሳኝ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የጋማ ተቀባይ (መልእክቱን የሚቀበለው የሕዋስ ፕሮቲን) ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናትን፣ ከተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ የሚሠራው የቢሲጂ የቲቢ ክትባት እንኳ ሊያሳምማቸው ይችላል።

ከጦሳ ሥር፦
አመሰግናለሁ። ነገር ግን የአጎቴ ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ወርዶ የመርፌው መጠን ተቀንሶላቸው ነበር። የሚያበረታ ከሆነ ለምን ቀነሰ?

ቦርከና፦
ጥሩ አስተውለዋል። ኢንተርፌሮን ያሉትን ሕዋሳት ቢያነቃም በመቅኒ ውስጥ አዳዲሶቹ የሚመረቱበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ታካሚው በየጊዜው ደም ይመረመር ነበር። ከልክ ያለፈና የማያባራ ኢንተርፌሮን ደግሞ እንደ ሉፐስ ባሉ፣ ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው ሕመሞች ላይ ይታያል። ዛሬ ለሄፓታይተስ ሲ የሚሰጡት ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ እንክብሎች ስለሆኑ መርፌው ለዚህ በሽታ ብዙም አያስፈልግም።