አሮጌ ሞተር ወደ ክላሲክ፦ የቱን ራሳችሁ ሥሩ፣ የቱን ለማን ስጡ (ጥቆማ ከሐዋሳ)

ሞተሬን ያየ ሁሉ «የት አሠራሃት?» ይለኛል። መልሱ አጭር አይደለም። ግማሹን ግቢ ውስጥ ራሴ ሠራሁ፣ ግማሹን ለአራት ሰው አከፋፈልኩ፣ አንዱን ሥራ ደግሞ ሁለቴ ከፈልኩበት። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ሞተሯን ልንገራችሁ፣ ምክሬ ሁሉ ከሷ ጋር ነው የሚሄደው። ቻይና ሠራሽ ባለ 125 ሲሲ ናት። ኤንጂኗ የሆንዳ ሲጂ 125 ግልባጭ ነው። ሆንዳ ሲጂን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ዘይት በወቅቱ ለማይቀየርበት፣ አቧራ ለሚበዛበት አገር አስቦ ነው። ቫልቮላው የሚገፋው በዘንግ ስለሆነ እየላላ የሚያስቸግር የውስጥ ሰንሰለት የለውም። ቻይናዎቹ ይህንኑ ወስደው በየስሙ አባዙት። ለኛ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ፒስቶኑ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮኑ አይጠፋም፣ ሐዋሳ ባይገኝ ሻሸመኔ ቅርብ ናት። ክብ መብራትና ጠፍጣፋ ወንበር ደግሞ ከፋብሪካ ጀምሮ አላት። ባለ ብዙ ፕላስቲኩን ዘመናዊ ሞተር ገፍፎ ክላሲክ ማድረግ ግን ገንዘብ መጨረስ ነው፣ አትሞክሩት።

ዋጋ አልጽፍም። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሳምንቱ ያስቃል። የትኛው ከየትኛው ይሻላል የሚለውን ብቻ ነው የምለው።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር፣ ሁለቴ የከፈልኩት እሱ ላይ ነውና። የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራ ቤት ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ሥራው ቀላል ነበር፤ አዲስ ኤልኢዲ መብራት ማስገባትና ከታንኩ ሥር የተንዘላዘለውን ሽቦ መሰብሰብ። ልጁ ጥቁሩን ሽቦ አየና «ይሄ ኔጋቲቭ ነው» ብሎ ከሻንሲው ጋር አሰረው። ቁልፍ ሲከፈት ፊውዙ ቀለጠ። ሌላ ፊውዝ አስገባ፣ እሱም ቀለጠ። ሦስተኛው ላይ ከኪሱ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት አውጥቶ ጠቅልሎ ሻጠበት። እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም! ከታንኩ ሥር ነጭ ጭስ ሲወጣ ነው የነቃሁት። ያውም ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆንዳ የሽቦ ሥርዓት ኔጋቲቩ አረንጓዴው ነው። ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ የሚያመጣው ነው። የሲጂ ግልባጮችም አብዛኞቹ ይህንኑ ቀለም ይከተላሉ። ስለዚህ ሞተራችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት «ኔጋቲቩ የቱ ነው?» በሉት። ቴስተር ሳያነሳ «ጥቁሩ» ካላችሁ ሞተራችሁን ገፍታችሁ ውጡ። እኔን በመጨረሻ ያዳነኝ የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ሱቅ እንኳን የለውም፣ አንድ ሳጥንና ቴስተር ብቻ። የሐዋሳን ባጃጅ ሁሉ የሚፈታው እንደሱ ዓይነቱ ስለሆነ ትንንሽ ሽቦ ላይ እጃቸው የገራ ነው። ከመኪና ኤሌክትሪሺያን ይልቅ የባጃጅ ልጆችን ምረጡ፣ ይህን ያለ ማመንታት ነው የምለው።

ኤልኢዲውን በተመለከተ፦ ብዙዎቹ የዚህ ዘር ሞተሮች የፊት መብራታቸው ከባትሪ አይደለም፣ ኤንጂኑ ውስጥ ካለው ጀነሬተር በቀጥታ ነው የሚበላው። ስለዚህ ኤልኢዲው ይርገበገባል፣ ቶሎም ይቃጠላል። መጀመሪያ መስመሩን ወደ ባትሪ አዙሩት ወይም መደበኛውን ባለ 35 ዋት አምፖል ይዛችሁ ኑሩ። እኔ መደበኛው ላይ ቀረሁ፣ ቢጫው ብርሃን ለክላሲክ ያምራል።

ብየዳ። እኔ እንደ ክላሲክ ሞተር ፎቶዎች የኋላውን ብረት አስቆርጬ ወንበሩን አጭር ማድረግ ነበር ሐሳቤ። ታቦር በኩል ወዳሉ አንድ ሽማግሌ በያጅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ ይቁረጡልኝ።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ብረቱን በጣታቸው ተከተሉት። አሞርዛተሩ የታሰረበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ሚስት አለህ?»

«የለኝም ጋሼ።»

«ታገባለህ። ይሄን ከቆረጥኩልህ በምን ታፈናጥጣታለህ?» ብለው እንቢ አሉኝ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን የማምነው በያጅ እሳቸው ናቸው። ጭነቱን የሚሸከመው እዚያ ጋ ነው፣ ቆርጠህ መልሰህ የበየድከው ብረት ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ስንጥቅ ያወጣል። ቁረጥ ስትለው ወዲያው ማሽን የሚያነሳ በያጅ አይሁንባችሁ። ከዚያ ጋር አያይዤ፦ የሻንሲ ቁጥሩንና የኤንጂን ቁጥሩን ማንም ሞርዶ እንዳያለሰልስ፣ ቀለምም እንዳይሸፍነው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካልተነበበ ቦሎ ስታሳድሱ ጉዳችሁ ይፈላል።

ወንበሩን ሳላስቆርጥ ከላይ ብቻ አስለወጥኩት። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። የመኪና ወንበር የሚሰፉት ስፌታቸው ያምራል፣ ግን የሚሞሉበት ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ ይርጋለም ሳትደርሱ ብረቱ ላይ ትቀመጣላችሁ። የባጃጅ ወንበር ሰፊዎች ስፌታቸው ወጣ ገባ ነው፣ ስፖንጃቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበት ስለሆነ ጠንካራ ነው። እኔ ስፖንጁን ከባጃጅ ሰፊ ገዝቼ፣ ቅርጹን ቤት በመጋዝ ምላጭ አውጥቼ፣ ልብሱን ለመኪናው ሰፊ ሰጠሁ። ቡናማ ሌዘር። ቢያንስ በዚህ ላይ አልተሸወድኩም።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ብዙ ሰው «ሚኩኒ አስገባ» ይላችኋል፣ የጃፓን ካርቡራተር ስም ነው። ሚኩኒ ተብሎ የተቀረጸበት ሁሉ ሚኩኒ አይደለም፣ ገበያው በግልባጭ የተሞላ ነው። ከሞተሯ ጋር የመጣውን አጥባችሁ መጠቀም ይሻላል። የሚቀየር ካለ ጄት የሚሏት ባለ ቀዳዳ የነሐስ ፍሬ ናት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። የኔዋ ካንዴላዋ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ሲወጣ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ነበር። ጄቷን ከ100 ወደ 95 አወረድኩ፣ ወደ ወንዶ ገነት ዳገቱን ወጣሁ ወረድኩ፣ ካንዴላውን ነቅዬ ሳየው የተቆላ ቡና መልክ ይዟል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለመካኒክ አትክፈሉ።

የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ጥላችሁ ያቺን እንደ ቡሽ የምትሰካ ማጣሪያ እንዳታስገቡ። ፎቶ ላይ ታምራለች። የኛ አቧራ ግን ፋሻ ይበላል። ማርሚታም እንደዚሁ፦ ውስጡን ባዶ ማድረግ ድምፅ ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም፣ እንዲያውም ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ትራፊክም ይወዳችኋል።

ቤት የሚሠራ ሌላው ታንክ ነው። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ሁለት ሦስት ሊትር አቼቶ ጨምሩበት፣ አንድ እፍኝ ጠጠር አስገቡበት፣ አሳድራችሁ ጠዋት እንደ ወተት ናጡት። ጠጠሩን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ (እኔ አንዷን እስካሁን እሰማታለሁ)። ከዚያ ውሃ በሶዳ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ወዲያው ቤንዚን። ውጩን ግን ለመኪና ቀለም ቀቢ ስጡት፣ በሚረጭ ጣሳ የተቀባ ታንክ የመጀመሪያው ቤንዚን ሲፈስበት ይላጣል። ሃርድነር ያለበት ቀለም እንዲሆን ጠይቁ።

ዘይት፦ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ፈልጉ። የዚህ ሞተር ፍሪሲዮን በኤንጂኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዱ የመኪና ዘይት እንዲንሸራተት ያደርገዋል። አንድ ሊትር ስለሆነ አትሰስቱ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ቫልቮላውን ኤንጂኑ ሲበርድ በ0.08 ሚሊ ሜትር አስተካክሉ።

ፍሬን ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ከቀለምና ከወንበር በፊት ገንዘባችሁን እዚህ አውሉ። የፊቱ ባለ ከበሮ ፍሬን ደካማ ነው ይባላል። ሸራውን ቀይሬ፣ የሚከፍተውን ዘንግ ነቅዬ ግሪስ ቀብቼ፣ ገመዱን ሲያዝ ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ሳስተካክለው ሌላ ሞተር ሆነች። ጎማ ስትገዙም ለወርድ አትጎምጁ። ሰፊ ጎማ የኋላውን ሰንሰለት ይነካል። ከፊት 2.75-18፣ ከኋላ 3.00-18 ይበቃል። የቸርኬውን ሽቦ የሚያጠብቅላችሁ ጎሚስታ ስትፈልጉ ብስክሌት የሚጠግኑትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ ከሞተር ቤቶቹ የተሻለ ጆሮ አላቸው፤ ሽቦውን በብረት መታ መታ አድርገው በድምፁ ነው የሚያውቁት።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ በ2011 ሞተር ያለ ፈቃድ መንዳት መከልከሉን ታውቃላችሁ፣ ግን መርካቶ እጃችሁ ላይ ናት። ሶማሌ ተራ የመኪና እንጂ የሞተር ገበያ አይደለም፣ ቢሆንም ለክላሲክ ሥራ ከሞተር ዕቃ ቤት ይበልጣል። ምክንያቱም የአሮጌ ቮልስና የላንድሮቨር ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት እዚያ ነው ያለው። መስታወቱን ብቻ ግዙ፣ የመኪናውን አምፖል አትሰኩበት፣ የሞተሯ ጀነሬተር አይችለውም።

መስታወቱን አግኝቻለሁ፣ የጎደለኝ ዙሪያውን የሚይዘው የክሮም ቀለበት ነው። ሶማሌ ተራ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም የዛገ ነው የሰጡኝ። ቮልስ ያለው አጎት ያላችሁ፣ ጋራዡ ጥግ የወደቀ ቀለበት ካለ ጻፉልኝ።