ወደ ናርጋና ዳጋ የሚሻገሩ እንግዶች አሉኝ፤ የጣና ጀልባ ነጂዎች እርዱኝ

ሰላም የባሕር ዳርና የዘጌ ሰዎች፣

ቅዳሜ 9 እንግዶች ከባሕር ዳር በጣና ደሴት ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ገዳም ይሻገራሉ፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ 14 እና 19 ኪሎ።

የቸገረኝ የሕይወት አድን ጃኬቱ ነው። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሁሉ የአዋቂ ናቸው። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ስስበው፣ የልጁን አገጭ አልፎ ጆሮው ድረስ ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ ቢገባ ልጁ ከሥር ይሾልካል ማለት ነው። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የልጅ ጃኬት የሚያከራይ ታውቃላችሁ? «በገመድ አጥብቀው» የምትሉኝን ተዉት፣ አይሠራም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብንነሣ ሌላውን የደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስን ጨምረን ከነፋሱ በፊት እንመለሳለን ወይስ ዳጋን እንተው? ዳጋ ሴት ስለማይገባበት እናቶቹ ጀልባ ላይ ሊጠብቁ ነው፤ ጀልባዋ ደግሞ ጥላ የላትም። ነዳጅ ለደርሶ መልስ ከሚበቃው ላይ ሲሶ እጨምራለሁ፤ ሞተሩ ከማዕበል ጋር ሲታገል ብዙ ይጠጣል። ያንሳል ትላላችሁ?

ጉማሬ የሚውልበትን የዓባይ መውጫ ከወዲሁ ሰርዣለሁ።