«ትግስት» ወይስ «ትዕግሥት»? የልጃችን ስም አጻጻፍ

የማህሌት አባት፦
ሰላም ወገኖች። ሁለተኛዋ ልጃችን ከተወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ብዙ ጠብቀን ያገኘናት ስለሆነች ባለቤቴ ትዕግሥት ብላታለች፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግራ የገባኝ አጻጻፉ ነው። እህቴ «ትግስት» በሉና ጨርሱ ትላለች። አንዳንዱ «ትዕግስት»፣ ሌላው «ትዕግሥት» ይጽፋል። የልደት ምስክር ወረቀት ሳናወጣ ባውቅ ደስ ይለኛል። ስሙስ ከየት መጣ?

አዲስ ገቢ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ሁሉም አንድ ነው፣ ሲጠራ ልዩነት የለውም።

የቅኔ ተማሪ፦
ሲጠራ አንድ ነው፣ ሲጻፍ ግን ለየቅል ነው ወንድሜ። ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝና ይህ ስም ተቆርጦ ሳየው ያመኛል። ምንጩ ግዕዝ ነው። ግሱ «ተዐገሠ» ይባላል፤ ቻለ፣ ጸና ማለት ነው። የሚጻፈው በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ነው። ስለዚህ ሙሉው «ትዕግሥት» ነው።

አማርኛ የዐን የጉሮሮ ድምፅ ስለተወ ግሱ «ታገሠ» ሆነ። ስሙንም «ትግስት» ብለን የምንጠራው ለዚህ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ «ትዕግስቲ» ሲል ግን ስሙት፤ ዕ እስከ ዛሬ ከጉሮሮ ትወጣለች። ሥን በስ መለወጥ ብዙ አያስከፋኝም፣ ጋዜጣውም ያደርገዋል። ዕን መጣል ግን ስሙን ከሥሩ መንቀል ነው።

ትርጉሙን ዝም ብሎ መቀመጥ አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ገላትያ 5፥22 የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ከፍቅር፣ ከደስታና ከሰላም ቀጥሎ ያመጣው ትዕግሥትን ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ የኢዮብን መታገሥ ሲያነሳ የሚያስታውሰን ያን ሁሉ መከራ ችሎ የጸናውን ሰው ነው። ጠብቃችሁ ካገኛችኋት ስሙ ለእሷም ለእናቷም ይገባል።

ትጊ፦
እኔም ሞክሼዋ ነኝ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! የቅኔ ተማሪው ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የወረቀቱን ጣጣ ነው። የትምህርት ማስረጃዬ «ትግስት»፣ መታወቂያዬ «ትዕግስት» ይላል። አንድ መሥሪያ ቤት ስሙ አይመሳሰልም ብሎ መልሶኛል፤ በጣም ነው ያንገላታኝ። እንግሊዝኛው ደግሞ ይብሳል። በ2016 መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችውን ትዕግስት አሰፋን እንኳ አንዱ በሁለት «አይ»፣ ሌላው በአንድ ይጽፋታል። ስለዚህ አባቷ፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል በወረቀት ጽፈህ ሂድ። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ ሳይፈረም አንብበው።