የኮሌጁ ማስታወቂያ በቴሌግራም ብቻ ይውጣ? ክርክር ከባሕር ዳር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከሰልጣኞች የመጣ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ያለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ማስታወቂያውን ሁሉ በቴሌግራም ቻናሉ ብቻ ሊያወጣ አስቧል። ምዝገባ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ቀን፣ የትብብር ስልጠና (ድርጅት ውስጥ የሚደረገው ልምምድ) ምደባ፣ ኤግዚቢሽን፣ ምርቃት፣ ሁሉም እዚያ ይሆናል። ሬጅስትራሩ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ይነሳል ተብሏል። የተሰጠው ምክንያት የወረቀትና የቀለም ወጪ ነው። ትስማማላችሁ? ኮሌጁን በስም አንጠራም። ስድብም የለም።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፣ ደረጃ 3፦ በደንብ እስማማለሁ። ሰሌዳውን አይታችሁታል? መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ከላይ የዘንድሮ የፈተና ፕሮግራም አለ። ከሥሩ የአምናው አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ማን እንደለጠፈው የማይታወቅ «ላፕቶፕ እንጠግናለን» አለ። ክረምት ላይ በስንጥቁ ዝናብ ገብቶ የማህተሙ ቀለም ቀኑ ላይ ፈሰሰ። 6 ይሁን 16 ብለን ቆመን ተከራከርን። ይሄን ነው የምታዝኑለት?

የልብስ ስፌት ሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ አንተ ስማርት ስልክ ስላለህ ነው። የኔ ባለ በተን ነው። ቴሌግራም አይጭንም።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ ጓደኛሽ ትነግርሻለች እኮ። ክፍላችሁ ውስጥ ቴሌግራም ያላት አንዲት ሴት ጠፍታ ነው?

የልብስ ስፌት ሰልጣኝ፦ ከረሳችስ? የሲኦሲ ምዝገባ ካለፈኝ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነው። ያለ ሲኦሲ ወረቀት ደግሞ ቀጣሪ ፊት መቆም ከባድ ነው። የምትረሳው እሷ፣ ቤት የምትቀመጠው እኔ። ኮሌጁ ለኔ መንገር ያለበትን ነገር ለምን በጓደኛዬ በኩል ይልከዋል?

ጋሼ፣ የድሮ ፖሊ ተማሪ፦ ልጆቼ፣ እኔ የድሮውን ፖሊ፣ ፖሊ ቴክኒኩን ነው የማውቀው። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተውን፣ ኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ከፔዳ ጋር ተጣምሮ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ማለቴ ነው። በኛ ጊዜ ማስታወቂያ የሚለጠፈው የምግብ አዳራሹ በር ላይ ነበር። ያልበላ ስለሌለ ያላነበበም አልነበረም። የናንተ ሰሌዳ ጥፋቱ ወረቀት መሆኑ ነው ወይስ ማንም የማያልፍበት ጥግ ላይ መሰቀሉ?

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ዛሬ ያ የምግብ አዳራሽ በር ቴሌግራም ነው። ጠዋት ፊታችንን ሳንታጠብ የምንከፍተው እሱን ነው።

ጋሼ፣ የድሮ ፖሊ ተማሪ፦ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላስ? ያኔም ጠዋት ጠዋት ትከፍተው ነበር?

አወያይ፦ የማያስታውስ ካለ፦ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ጊዜ ነው ጋሼ የሚሉት። ለወራት ያለ ዳታ ነው የኖርነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልገን፣ ሻይ አዘን፣ የተጠራቀመ ሜሴጅ የምናወርድበት ጊዜ ነበር። ለምን ተቋረጠ የሚለው የዛሬ ርዕስ አይደለም፣ እባካችሁ እንዳትገቡበት። ለጥያቄያችን ግን ትልቅ ማስረጃ ነው።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ እሺ፣ እሱን አልክድም። ግን ለክፉ ቀን ተብሎ ሁልጊዜ በወረቀት መኖር አለብን?

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ እንደ ግለሰብ ነው የምናገረው፣ መሥሪያ ቤቴን ወክዬ አይደለም። ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሰው እኔ ነኝ። የወረቀት ወጪ የሚባለውን ተዉት፣ ስንት ወረቀት ሆኖ ነው! ችግሩ ሌላ ነው። አንደኛ፣ የለጠፍኩት አይቆይም። ሰልጣኙ ቀኑን ደብተሩ ላይ ከመጻፍ ወረቀቱን ገንጥሎ ይዞት ይሄዳል። እውነቴን ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀት ፊርማና ማህተም ይፈልጋል። ዲኑ ስብሰባ ከገቡ ማህተሙ ካዝና ውስጥ ነው። ሰኞ የተጻፈው ማስታወቂያ ሐሙስ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ግን ያው ወዲያው ነው።

የሰልጣኞች ተወካይ፦ እርስዎ ያሉት ማህተም ግን ጥቅምም አለው። የኮሌጁን ዓርማ ለጥፎ «ምዝገባ ተራዝሟል» ያለ ሐሰተኛ ቻናል አልነበረም እንዴ? አምነው የቀሩ ልጆች ነበሩ። ቻናሉ ላይ የወጣው ሐሰት መሆኑ የታወቀው ሰው ሰሌዳው ጋ ሄዶ አይቶ ነው።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ አለው። እሱን አልካድኩም። ያን ሰሞን ስልኬ አላረፈም።

የብረታ ብረት አሰልጣኝ፦ አንድ ነገር ተዘለለ። የኛ ስልጠና 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ትብብር ስልጠና ላይ ያለ ልጅ ሳምንቱን የሚውለው ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ግቢ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሰሌዳው ደግሞ ግቢ ውስጥ ነው። መኪና ሥር ተኝቶ እጁ በግራሶ የተለወሰ ልጅ ሰሌዳ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው? ለሱ ቴሌግራም ይሻላል። ማታ እጁን ታጥቦ ያየዋል።

የልብስ ስፌት ሰልጣኝ፦ ቲቸር፣ ቴሌግራም ይኑር። ማን ይጥፋ አለ? «ብቻ» የሚለው ነው የከበደን።

የዘጌ ልጅ፣ የሆቴል ሙያ ሰልጣኝ፦ እኔ አርብ አርብ ወደ ቤተሰብ የምሄደው በጀልባ ነው። ጀልባው ሰው ካልሞላ አይነሳም። አንዴ ከሄድኩ ማስታወቂያ ለማየት ብዬ አልመለስም። ስለዚህ ለኔ ሰሌዳ ዋጋ የለውም። ግን እኛ ሰፈር ቡናው ጫካ ውስጥ ስትገቡ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። ለምን በአጭር የጽሑፍ መልእክት አይልኩልንም? ያ ባለ በተን ስልክም ላይ ይገባል። ኔትወርክ ሲመለስ ጠብቆ ይደርሳል።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እህቴ። ግን ሲመዘገቡ የሚሞሉት ቁጥር ብዙ ጊዜ የራሳቸው አይደለም። የአጎት ነው፣ የአከራይ ነው፣ ወይ ሲም ካርዱ ተቀይሯል። ደውዬ አውቃለሁ። «እሱን ልጅ አላውቀውም» ይሉኛል።

የመሸንቲ ገበሬ፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔም ልናገር። ልጄ ወርክሾፕ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የበቆሎ መፈልፈያ ሠርተው ነበር። ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ አሉኝ። እኔ የሰማሁት ካለፈ ወዲያ ነው። ማክሰኞ ነበር አሉ። ማክሰኞ እኔ ማሳ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ቢሆን ለገበያ ባሕር ዳር እገባለሁ፣ ጎረቤቶቼም ይገባሉ። በቆሎ በእጃችን የምንፈለፍለው እኛ ነን። ማሽኑን የሚገዛው እኮ ሪባን የሚቆርጠው ሰውዬ አይደለም።

አወያይ፦ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ክርክሩን ሌላ ቦታ ወሰዱት፣ ደግሞም ጥሩ ቦታ ነው።

የብረታ ብረት አሰልጣኝ፦ ልክ ነዎት። ያን ማሽን አውቀዋለሁ። ኤግዚቢሽኑ ቀን እንግዶች መጡ፣ ልጆቹ ገለጻ አደረጉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ ማሽኑ ወደ ወርክሾፕ ተመለሰ። አሁን ላዩ ላይ የብየዳ ጭንብል ተቀምጦበታል። አንድም ገበሬ እጀታውን አዙሮ «ይከብዳል» ወይም «ይፈጥናል» አላለንም። እኛ ደግሞ ከፎቶው ይልቅ የሚያስፈልገን ያ ነበር።

የሰልጣኞች ተወካይ፦ ማክሰኞ የተደረገው እንግዶቹ በሥራ ቀን እንጂ ቅዳሜ አይመጡም ተብሎ ነው። ጠይቀን ነበር።

የመሸንቲ ገበሬ፦ እንግዲያው እነሱ ማክሰኞ ይምጡ፣ እኛን ቅዳሜ ጥሩን። ማሽኑ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ አይበሰብስ!

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ አባባ፣ ይሄን ግን ሰሌዳ አይፈታውም። መሸንቲ ሆነው ሬጅስትራር በር ላይ የተለጠፈ አያነቡም።

የመሸንቲ ገበሬ፦ ቴሌግራምህንም አላነብ። መናኸሪያ ብትለጥፉት አየዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢነገር እሰማለሁ። ሬዲዮም አለን።

ከቨርጂኒያ፦ ከሩቅም ቢሆን ልግባ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ የቀበሌ 14። አሁን የምማረው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፣ ኖቫ ይሉታል፣ አናንዴል ግቢ። እዚህ ካላንደሩ አስቀድሞ ይወጣል። ትምህርት የሚጀመርበት፣ ገንዘብ ሳይቀጡ ኮርስ የሚጣልበት የመጨረሻ ቀን፣ የፈተና ሳምንት፣ ሁሉም ተጽፎ ያለቀ ነው። ለከተማው ሰው ክፍት የሆኑ ዝግጅቶችም አሉ። ኢንተርኔት ችግር አይደለም። ታዲያ ሁሉም ያውቃል ብላችሁ ታስባላችሁ? ኢሜይሉ እየመጣ ይቆለላል፣ አብዛኛው ልጅ ሳይከፍተው ያልፋል። የሚያድነን ቀኑ አለመቀያየሩ ነው። አንዴ ካወቅከው አወቅከው።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ እሷን ነው የምልህ! የኛ ቀን ይቀያየራል። አንዴ ይወጣል፣ ይራዘማል፣ ከዚያ «በድጋሚ ተራዝሟል» ይባላል። በየቀኑ ሰሌዳ ጋ ልመላለስ? ቴሌግራም የምወደው ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ የድሮ ፖሊ ተማሪ፦ አየህ፣ ልጄ፣ አንተ የወደድከው ቴሌግራም የነሱን ቀን መቀያየር ነው የሚያቀልላቸው። ወረቀት ለጥፎ፣ ማህተም አድርጎ፣ ነገ መልሶ መቅደድ ያሳፍራል። ስልክ ላይ አርትዖ ማለፍ ግን አያሳፍርም።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ነገሩ እውነት አለው። ማታ ከቤቴ ሆኜ ቀን አስተካክዬ አውቃለሁ። ያለቃ ትእዛዝ ነው፣ ቢሆንም ቀላል ነው።

አወያይ፦ የኔን ልበል። አወያይ አይናገርም የሚል ሕግ የለንም። ቻናሉን ለዛሬ ብዬ ወደ ላይ ወደ ላይ አነበብኩት። ጉብኝት፣ ስብሰባ፣ የምስክር ወረቀት ርክክብ፣ ችግኝ ተከላ፣ ፎቶ በፎቶ ነው። የሲኦሲ ምዝገባ ከነዚያ መሃል በሁለት መስመር ገብቷል፣ ያውም ያለ ፎቶ። ይሄ ቻናል እንዳለ ሰሌዳውን ቢተካ የሚጠፋው ያ ሁለት መስመር ነው። ስለዚህ ያመለጠው ሰው ዓመት ወይም ገንዘብ የሚያጣበት ነገር፣ ማለትም ምዝገባ፣ ሲኦሲ፣ ምደባ፣ ክፍያ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ሆኖ ይለጠፍ። ሬጅስትራሩ በር ላይ ሳይሆን ዋናው በር ላይ፣ ጥበቃዎቹ መታወቂያ የሚያዩበት ቦታ። እዚያ ሁሉም ይቆማል። ቴሌግራሙም ያንኑ ወረቀት ፎቶ ያውጣ። የጉብኝቱ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ብቻ ይቅር፣ ማንም ቅር አይለውም።

የሰልጣኞች ተወካይ፦ ጋራዥ ላሉትስ?

የብረታ ብረት አሰልጣኝ፦ እኛ ለክትትል ጋራዥ እንሄዳለን እኮ። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡን፣ እናደርሳለን። እሱ ከባድ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ ኤግዚቢሽኑስ? የአባባ ነገር ተረሳ እንዳይባል።

አወያይ፦ አልተረሳም። ለብቻው ይጻፋል። ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜን እንዲጨምርና ማስታወቂያው መናኸሪያና ገበያው መግቢያ ላይ እንዲለጠፍ። ተወካያችን ደብዳቤውን ሰኞ ለዲኑ ያስገባል። የምትፈርሙ እሱ ጋ ሂዱ።

የልብስ ስፌት ሰልጣኝ፦ እፈርማለሁ። ቻናሉ ላይ ለተጻፈው ሁሉ ጓደኛዬን መለመን ሰልችቶኛል።

የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ፦ እኔም እፈርማለሁ። ስለ ሰሌዳው ግን አሁንም አልተስማማሁም። ያ የተሰነጠቀ መስታወት ወደ ዋናው በር ከዞረ ያው ዝናብ ያገኘዋል። መጀመሪያ መስታወቱን ቀይሩ።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ መስታወት ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ሁለት አለኝ። መስታወት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የመሸንቲ ገበሬ፦ ቅዳሜ ገበያ ስገባ እጠይቅልሃለሁ።